«ኮፊ» ከከፋ አልመጣም፤ አትቆጡኝ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ከጅማ ይድረስዎ። ጋዜጣችሁ እኛ ጋ ሲደርስ አንድ ቀን ያረፍዳል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ሁለት ቀን። ስለዚህ እናንተ የረሳችሁት ነገር ለእኔ ገና ትኩስ ነው። ባለፈው ስለ ቡና ባወጣችሁት ገጽ ላይ፣ ከፎቶው ሥር፣ ኮፊ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከፋ ከሚለው ከአገራችን ስም መምጣቱ «እንደሚታወቅ» ተጽፏል። እዚያች «እንደሚታወቅ» ላይ ስደርስ ስኒዬን አስቀመጥኩ። ማነው የሚያውቀው?

መልሱ ያሳፍራል። እኔ ነኝ።

ማለት አውቃለሁ ብዬ የኖርኩት እኔ ነኝ። እዚሁ ጅማ ከተማ ውስጥ 26 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ተማሪው ገና ደብተሩን ሸፍኖ ሳይጨርስ፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ቾክ አነሳና ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃል እጽፋለሁ። በግራ ከፋ፣ በቀኝ ኮፊ። መሃላቸው ቀስት። «አያችሁ፣ እንግሊዝኛ የሰው ቋንቋ ነው ብላችሁ አትፍሩት፤ ከኛም የወሰደው አለ» እላለሁ። ተማሪው ደስ ይለዋል። እኔም ደስ ይለኛል። በዚያ ላይ ያን ጊዜ ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ ስለዚህ ቀስቷ ከሩቅ ሳይሆን ከራሳችን ጓዳ የተነሳች ነበር የምትመስለው።

አንድ ዓመት ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ከከፋዋ ከተማ ከቦንጋ መጥቶ አጎቱ ቤት ተጠግቶ የሚማር ቀጭን ልጅ። «ቲቸር፣ እኛ ቤት እኮ ቡኖ ነው የምንለው» አለ። «ከፋ አገሩ ነው እንጂ ቡናውን ከፋ የሚለው ሰው የለም።» ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁና «ቁጭ በል፤ መጽሐፍ የጻፈውን አንተ ልታርም ነው?» አልኩት። ተቀመጠ።

ልጁ ልክ ነበር። ይህን ለመቀበል ግን ጡረታ እስክወጣና የእህቴ ልጅ ከጅዳ እስክትመለስ ድረስ ፈጀብኝ።

የእህቴ ልጅ ጅዳ ሰው ቤት ሰባት ዓመት ሠርታ ነው የተመለሰችው። ከሻንጣዋ ውስጥ ለእኔ ብላ ያወጣችው ምን ይመስላችኋል? ቡና! ለጅማ ሰው፣ ቡና ከሳውዲ። እህቴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ግን ላለማስቀየም ተቀብዬ ከረጢቱን ገለባበጥኩት። ፊት ለፊቱ ላይ በአረብኛ ፊደል ደምቃ የተጻፈች አጭር ቃል አለች። አንብቢልኝ አልኳት።

«ቡን» አለች።

«ገህዋ አይደል እንዴ የሚሉት?»

«አይ ጋሼ፣ ገህዋ የሚባለው ሲፈላ ነው። ማዳም ገህዋ ሥሪ ስትለኝ የሚጠጣውን ነው። ሱቅ ስትልከኝ ግን ቡን ይዘሽ ነይ ነው የምትለኝ።»

ሁለት ቃል ነው እንግዲህ። አንዱ ለፍሬው፣ አንዱ ለመጠጡ። እኔ ዕድሜ ልኬን በአንድ ቀስት ሳገናኝ የኖርኩትን ነገር ያቺ ልጅ ሱቅ ስትላላክ ለይታ አውቃው መጣች። የዚያን ዕለት ማታ መዝገበ ቃላቴን አውጥቼ አቧራውን አራገፍኩ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ነው አሁን የምጽፍላችሁ።

ኮፊ የመጣው ከመጠጡ ስም ነው። አረቦች ፈልቶ የሚጠጣውን ቃህዋ አሉት፤ የእህቴ ልጅ ገህዋ ያለችው በዚያ አካባቢ ሰው አነጋገር ነው። ቱርኮች ከአረቦች ተቀብለው ካህቬ አደረጉት፤ የአረቡ «ው» በቱርኮች አፍ «ቭ» ሆነች። ከቱርክ ወደ ጣሊያን ሲሻገር ካፌ ሆነ፣ ሆላንድ ሲደርስ ኮፊ ተባለ፣ እንግሊዞችም ከነዚህ የንግድ ጎረቤቶቻቸው ወሰዱት። እንግዲህ ኮፊ ውስጥ ያለችው «ፍ» የከፋ «ፍ» አይደለችም። መንገድ ላይ የበቀለች ናት። አረቡ ጋ «ህው» ነበረች፣ ቱርኩ ጋ «ህቭ» ሆነች፣ አውሮፓ ስትገባ «ፍ» ሆና ቁጭ አለች። እኔ 26 ዓመት ሙሉ ቀስት የሳልኩላት ፍ ይቺ ናት!

የጅማ ሰው ደግሞ ይህን ነገር በራሱ አፍ ሊፈትነው ይችላል። አረብኛ ልክ እንደኛ «ከ» እና «ቀ»ን ለይቶ ይጽፋል። ካዕባ በከ ነው፣ ቁርአን በቀ። ሂርማታ ገበያን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትዞሩ ቁርአንን ኩርአን የሚል ሰው አታገኙም። ቃህዋ በቀ ነው፣ እንደ ቁርአን። ከፋ በከ ነው፣ እንደ ካዕባ። ፍም ቢሆን አረብኛ አላጣትም፤ ፋጡማን በምን ሊጠራት ነው ታዲያ? ከፋ የሚለውን ስም የሰማ አረብ ነጋዴ እንዳለ ከፋ ብሎ ሊጽፈው ይችል ነበር። አፉም ፊደሉም ይፈቅድለታል። ተነስቶ ቃህዋ የሚልበት ምክንያት አይታየኝም።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ቃህዋ የሚለው ቃል ቡና ከመታወቁ በፊትም አረብኛ ውስጥ ነበረ። ትርጉሙም ወይን ጠጅ! በድሮ የአረብ ግጥሞች ውስጥ ቃህዋ ሲባል የሚያሰክረው ነው። የአረብኛ ቋንቋ ሊቃውንት ደግሞ የምግብ ፍላጎት ማጣት ከሚል ግሥ ጋር ያዛምዱታል፤ ጠጪ ሰው ምግብ አያምረውም በሚል ይመስለኛል። ይሄኛውን ማንም ቡና ጠጪ አይክደውም። ጠዋት በባዶ ሆድ ሁለት ስኒ ከተገለበጠ በኋላ ቁርስ ሲቀርብ ፊታችን ምን እንደሚመስል እናውቃለን።

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ሌሊት ለዚክር ሲቀመጡ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ቡናን ይጠጡ ጀመር። የመጠጡም ስም ያው የድሮው የወይን ጠጅ ስም ሆነ። አስቡት፣ ወይን ጠጅ የተከለከለበት ማኅበረሰብ ውስጥ፣ በወይን ጠጅ ስም የሚጠራ አዲስ መጠጥ! በ1511 መካ ላይ የከተማዋ ሹም ቡና እንዳይጠጣ አግዶ ነበር። ካይሮ የነበሩት የበላዮቹ ግን ውሳኔውን አላጸኑለትም። ስሙ ምን ያህል እንደጎዳው የታሪክ ሰዎች ይናገሩ፤ እኔ በበኩሌ እንደዚህ ያለ ስም ይዞ ለሹም ፊት መቅረብ አይመቸኝም።

እንግዲህ ኮፊ ማለት ሥሩ ሲማስ የአረብ ወይን ጠጅ ነው። ከፋም አይደለም፣ ጅማም አይደለም። ይህን ለቡና ጓደኞቼ ስነግራቸው አንዱ «ታዲያ ከኛ ምንም አልወሰዱም ማለት ነው?» ብሎ አኮረፈኝ። ቀድሞም በቡና ጉዳይ የሚያኮርፍ ሰው ነው፤ ሦስተኛውን ሳይጠጣ የተነሳ ሰው ሁሉ የናቀው ይመስለዋል።

ወስደዋል እንጂ! የተወሰደው ቡን ነው።

ቆጠራውን ተመልከቱ። በአማርኛ ቡና። በኦሮምኛ ቡና። በካፊኖኖ፣ በከፋ ሰዎች ቋንቋ፣ ቡኖ፤ ያን ልጅ ቁጭ ያደረግኩት በዚህ ቃል ነው። በትግርኛ ቡን። በሶማሊኛ ቡን። ባሕሩን ስትሻገሩ፣ በአረብኛ፣ ፍሬው ቡን። ዛፉ የበቀለው በዚህ በኩል ነው፤ የአረቢካ ቡና በዱር የሚገኘው በዋናነት የኛው ደቡብ ምዕራብ ጫካ ውስጥ ነው። እቃው ከዚህ ሲሻገር ስሙን ይዞ ተሻገረ። አረቦቹ ፍሬውን ከነስሙ ተቀበሉ፤ ከዚያ ፈልቶ ለሚጠጣው ነገር ከቤታቸው የቆየ ስም አወጡለት። አውሮፓ የደረሰው ያ ሁለተኛው ስም ነው፤ አውሮፓውያን ያወቁት መጀመሪያ መጠጡን ነዋ። ፍሬውን አይደለም። ቁስጥንጥንያ በ1550ዎቹ ቡና ቤት ስትከፍት ገብቶ ያየ ፈረንጅ የሰማው ካህቬ የሚል ነው። ፍሬው ምን እንደሚባል ማን ጠይቆ?

እኛ ጋ ደግሞ ቡና መጠጥ ብቻ አልነበረም። ይበላም ነበር። ቦረናና ጉጂ አሁንም ቡና ቀላ ያዘጋጃሉ፤ ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ ይጠበሳል፣ ያ ሽታ ደግሞ ከሩቅ ይጠራል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ ኦሮሞ መንገደኞች የተፈጨ ቡና ከቅቤ ጋር አድቦልብለው ለስንቅ እንደሚይዙ ጽፏል። ፍሬውን እንዲህ የሚበላ ሕዝብ ለፍሬው ስም ቢኖረው አያስገርምም። ፈልቶ እስኪጠጣ የሚጠብቅ ስም አይደለም።

ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኔም ከራሴ ጋር ተሟግቼበታለሁ። «እቃ በመጣበት አገር ስም አይጠራም እንዴ?» ይባላል። ይጠራል። ሞካ የሚባለው ቡና የተጠራው አል ሙኻ በምትባል የየመን ወደብ ነው፤ ከኛ የሄደውም ቡና እዚያ ተራግፎ የሞካ ቡና ተብሎ ተሸጧል። የኛው የጅማ ቡናም ቢሆን በዓለም ገበያ ላይ «ጅማ አምስት» እየተባለ በከተማችን ስም ይሸጣል፤ ደረጃው አምስተኛ መሆኑ ብዙ የሚያስፎክር ባይሆንም። ስለዚህ ከፋም እንዲሁ የዕቃ ስም ሊሆን አይችልም ነበር አልልም። ይህን ሐሳብ የጠቀሱ ቁም ነገረኛ መጻሕፍትም አሉ። ግን «ሊሆን ይችላል» እና «እንደሚታወቅ» አንድ አይደሉም፤ ጋዜጣ የሚያህል ነገር ሁለቱን መለየት አለበት። ፍሬውን ቡን የሚሉ አረቦች፣ ከፋ የሚለውን ስም ለፍሬው ሳይሰጡ ዘለው ለፈላው ውሃ ሰጡት፣ ለዚያውም ሲሰጡት አንድም ፊደል ሳይገጥም፣ ለዚያውም ከጥንት ወይን ጠጅ ከሚባለው ቃል ጋር አንድ ሆኖባቸው... እኔ ይሄ በዛብኝ።

የከፋ ሰዎች እንዳይቀየሙኝ። ከኛ ጋር ያላቸው ሙግት ይበቃቸዋል። ቡና መጀመሪያ የተገኘበትን ቦታ እነሱ ማንኪራ ይላሉ፣ እኛ አጋሮ መንገድ ላይ ጎማ ወረዳ ያለችውን ጮጬን እንላለን። ፍየል ጠባቂውም ካልዲ ነው ካሊድ ነው እየተባለ ሰርግ ላይ ሳይቀር ይከራከሩበታል። (የፍየሉ ታሪክ መጀመሪያ የታተመው ሮም ውስጥ በላቲን በ1671 ሲሆን፣ እዚያ ላይ የእረኛው ስም የለም። ካልዲ የሚለው በኋላ የተጨመረ ነው። ይሄ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ስለሚሆን ልለፈው።) ቦንጋ ላይ ሙዚየም ተሠርቷል፣ የከፋ ጫካ ከ2010 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ከላይ ያሉትም ዓመቶች እንደዚያው። ጫካው እዚያ ቆሞ እያለ፣ ከእንግሊዝ መዝገበ ቃላት ምስክር መለመን ለምን እንዳስፈለገን ግን አይገባኝም።

እንዲያውም መናደድ ለሚፈልግ ሰው የተሻለ ነገር ልስጠው። አረቢካ! ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1753 ለተክሉ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት ኮፊያ አረቢካ አለው፣ የአረብ ነው ብሎ። በሳይንስ ደግሞ መጀመሪያ በደንቡ የወጣ ስም ዝም ብሎ አይቀየርም። ይኸው እዚህ መልኮ ምርምር ማዕከል ግቢ ውስጥ እንኳን፣ ዙሪያው ሁሉ ጅማ ሆኖ፣ ዛፉ አረቢካ ነው። የመጀመሪያ ስሙ የአረብ ወይን ጠጅ፣ የአባቱ ስም አረብ። የእኛው ልጅ በሰው ስም ተመዝግቦ ቀረ። በዚህ ብታኮርፉ አብሬያችሁ አኮርፋለሁ።

ወደ እንግሊዞቹ ልመለስ። ቃሉ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ የታየው በ1598፣ ከሆላንድኛ በተተረጎመ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ነው። የተጻፈውም ቻውዋ በሚመስል አጻጻፍ ነው። እስኪለምዱት ድረስ ኮሆ አሉት፣ ካህቬ አሉት፣ ኮፋ አሉት፤ እያንዳንዱ ተጓዥ ጆሮው እንደሰማለት ጻፈው። እኔ ተማሪ ፊደል ሲያሳስት በቀይ እስኪርብቶ የማከብበው ሰውዬ፣ ይህን ሳይ ትንሽ አፈርኩ። ኦክስፎርድ ላይ በ1650 ገደማ የቡና መሸጫ ተከፈተ፣ ለንደን በ1652 ተከተለች። በ1675 ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ቡና ቤቶች ይዘጉ ብሎ አዋጅ አስነገረ፤ ሰው እዚያ እየተሰበሰበ መንግሥትን ያማል በሚል። ሕዝቡ አልቀበልም ሲል በቀናት ውስጥ አዋጁን ሳበው። ይህን ለቡና ጓደኞቼ ስነግር ማንም አልተገረመም። «ቡና ላይ ተቀምጦ ሌላ ምን ይወራል?» ነው ያሉኝ።

ሌላም መሳሳቻ አለ፤ ጅማ ውስጥ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ያነሱታል። ቡናን እንግሊዞች «ቢን» ይሉታል፣ ይሄ ቡን ነው ይላሉ። አይደለም። ቢን ባቄላን የመሳሰለውን ጥራጥሬ የሚጠሩበት ቃል ነው፣ እንግሊዞች ቡና የሚባል ነገር ሳያዩ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ቋንቋቸው ውስጥ ነበረ። ጀርመኖችም የቃሉ ዘመድ አላቸው። ፍሬው ባቄላ ስለሚመስል ነው ያሉት። መመሳሰል ዝምድና አይደለም፤ እንደዚያማ ቢሆን በየታክሲው አክስት ባገኘን ነበር።

የእኛን ስም ሲወስዱብን የምንቆጥር ከሆነ ደግሞ የወሰድነውንም እንቁጠር። ቡና ስናፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንላለን። በረካ አረብኛ መሆኑን ጅማ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ አቦልንም ብዙዎች ከአረብኛው አወል፣ ከአንደኛ ማለት ጋር ያያይዙታል። የምንጠጣበት ስኒ ራሱ ሲኒ ከሚል የአረብ ቃል ነው፣ የቻይና ማለት። ሸክላው ከቻይና ስለመጣ። እንግሊዞችም ይህንኑ ዕቃ ቻይና ብለው ይጠሩታል፣ ምክንያታቸውም አንድ ነው። ከሁሉ የምወደው ግን ቅሽር ነው። ነጋዴዎቻችን እሸት፣ ጀንፈል፣ ቅሽር እያሉ ይለያሉ፤ እሸት ከዛፍ የተለቀመው ቀዩ፣ ጀንፈል ከነገለፈቱ የደረቀው፣ ቅሽር ተፈልፍሎ የወጣው ንጹሕ ፍሬ። አረብ ጋ ቅሽር ማለት ግን ገለፈቱ ነው! የመኖች ገለፈቱን አፍልተው ይጠጡታል፣ መጠጡንም ቅሽር ይሉታል። አንድ ቃል ባሕር ሲሻገር አንዱ ወገን ፍሬውን ያዘ፣ ሌላው ቅርፊቱን። ማን አተረፈ የሚለውን ለነጋዴ እተወዋለሁ።

ቃህዋም ቢሆን እኛ ጋ ተመልሶ መጥቷል፣ ልብ ብላችሁት ከሆነ። ካፌ ሆኖ ነው የመጣው። ካፌይን የሚለውም የዚያው ዘር ነው፤ ጀርመናዊው ሩንገ በ1819 ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው ነገር ነው፣ ፍሬዎቹን ምርምር አድርግባቸው ብሎ የሰጠው ደግሞ ባለቅኔው ገተ ነበር። እና አሁን ከጓደኛችን ጋር ተገናኝተን «ካፌ ገብተን ቡና ጠጣን» ስንል፣ የእህቴ ልጅ ጅዳ ላይ የለየቻቸውን ሁለቱንም ቃሎች በአንድ ትንፋሽ እየተናገርን ነው። ቃህዋ ውስጥ ገብተን ቡን ጠጣን! ያንን ለማወቅ እኔ መዝገበ ቃላት አስፈለገኝ።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የገፋፋኝ የናንተ ገጽ ብቻ አይደለም። ሰፈራችን አንድ ወጣት አዲስ ካፌ ሊከፍት ነው። ድሮ አስተምሬዋለሁ፣ አሁንም ቲቸር ነው የሚለኝ። ግድግዳው ላይ ምን ሊያስጽፍ እንዳሰበ ገምቱ። በግራ ከፋ፣ በቀኝ ኮፊ፣ መሃላቸው ቀስት። «ካንተ ነው እኮ የተማርኩት!» አለኝ እየሳቀ። ተቀምጬ ከላይ የጻፍኩላችሁን ሁሉ ነገርኩት፤ ቃህዋን፣ ካዕባንና ቁርአንን፣ የወይን ጠጁን ነገር። በትዕግሥት ሰማኝ። ሁለት ስኒ ቡናም ከፈለልኝ። መጨረሻ ላይ «ቲቸር፣ ገባኝ፤ ግን ቱሪስቱ ከፋ የሚለውን ይወደዋል፣ ቡን ብዬ ብጽፍበት ዳቦ ይመስላቸዋል» አለ። እንግሊዝኛው እውነቱን ነው፤ ቡን እነሱ ጋ ትንሽ ዳቦ ናት። ያስተማርኩት እኔ ስለሆንኩ ምን እላለሁ?

ከሦስት ቀን በኋላ በዚያ ሳልፍ ቀለም ቀቢው መሰላል ላይ ቆሞ ሥራውን ጨርሷል። ቀስቷ እንዳለች ናት። ኮፊ የሚለውን በላቲን ፊደል ሲጽፍ ግን መጨረሻ ላይ ካሉት ሁለት «ኢ»ዎች አንዷን ዘሏታል። ወጣቱ ደንግጦ «ቲቸር፣ ተሳስቷል አይደል?» አለኝ። በ1600ዎቹ እንግሊዞች ራሳቸው እንደዚያ የጻፉበት ጊዜ አለ፣ ተወው አልኩት።

ከዚህ ቀደም ከቦንጋ መጥቶ ጅማ የተማረ፣ ስለ ቡኖ ጠይቆ ቁጭ በል የተባለ ሰው ይህን ጋዜጣ ካነበበ፣ ካፌው አጂፕ አካባቢ ነው፤ ከሰዓት በኋላ አልጠፋም። ሒሳቡ በእኔ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከጅማ